ከጓንዡ ወደ ዪዉ በፈጣን ባቡር፦ ቲኬቱን በራሳችን መቁረጥ እንችላለን ወይ?

የሸራተራዋ፣ መስከረም 3
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንኳን አደረሳችሁ። ጥቅምት ላይ ለካንቶን ፌር፣ ለትልቁ የቻይና የንግድ ትርኢት፣ ጓንዡ እገባለሁ። የምሠራው የወጥ ቤት ዕቃ ስለሆነ የሚመለከተኝ ሁለተኛው ዙር ነው፣ በፈረንጅ ከኦክቶበር 23 እስከ 27። በማግስቱ በፈጣኑ ባቡር ወደ ጅምላ ገበያዋ ከተማ ወደ ዪዉ መሄድ እፈልጋለሁ። እስከዛሬ በአውሮፕላን ነበር፣ ግን ናሙና ይዞ ለትርፍ ኪሎ መክፈል ሰለቸኝ።

ጥያቄዬ የቲኬቱ ጉዳይ ነው። እዚያ ያለ አንድ ሰው «የፓስፖርትሽን ፎቶ ላኪልኝ፣ ብሩን አዲስ አበባ ላለው ዘመዴ ስጪ፣ እኔ እቆርጥልሻለሁ» ብሎኛል። የጠየቀኝ ዋጋ ከሰማሁት በጣም ይበልጣል። የቻይና ባንክ የለኝም፣ የቻይና ስልክ የለኝም፣ ቻይንኛዬም ከሰላምታ አያልፍም። እንደኔ ያለ ሰው ራሱ መቁረጥ ይችላል? እዚህ ሆኜስ ይሆናል? የማርፈው ጓንዡ ውስጥ ሻዎበይ የሚባለው ሰፈር ነው። የምታውቁ ንገሩኝ፣ ፈጣሪ ያክብርልኝ።

ሃንግዡ_ተማሪው፣ መስከረም 3
እንኳን አብሮ አደረሰን እህቴ። ይቻላል፣ ምንም አትስጊ። ማንም እንዲቆርጥልሽ አያስፈልግም።

የቻይና ምድር ባቡር የራሱ መሸጫ አለው፣ ስሙ ቁጥር ነው፣ 12306 ይባላል። ድረ ገጽም አፕም አለው፣ በእንግሊዝኛም ይሠራል። የውጭ ሰው በፓስፖርቱ አካውንት ይከፍታል። ስምሽን፣ የፓስፖርት ቁጥርሽን፣ የሚያበቃበትን ቀን ትሞያለሽ፣ የፓስፖርቱን ፎቶ ትልኪያለሽ፣ ከዚያ እስኪያረጋግጡልሽ ትጠብቂያለሽ። ማረጋገጡ አንዳንዴ ቶሎ ይመጣል፣ አንዳንዴ ቀናት ይወስዳል፣ ስለዚህ ለመጨረሻው ሰዓት አትተይው። ዛሬውኑ ክፈቺ። ፎቶው አልቀበል ካለሽም ደህና ነው፣ ቻይና ስትገቢ ፓስፖርቱን ይዘሽ ማንኛውም ባቡር ጣቢያ መስኮት ብትሄጂ እዚያው ያረጋግጡልሻል።

ስሙ ላይ ተጠንቀቂ። የኛ ፓስፖርት ላይ ስምና የአያት ስም የሚቀመጥበት ቦታ እኛ ስማችንን ከምንጠራበት ቅደም ተከተል ይለያል። ከልምድ አትጻፊ። ፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ የታተመውን አንድም ፊደል ሳትቀንሺ ቅጂው።

ሌላው የሽያጩ ቀን ነው። ቲኬት የሚከፈተው የጉዞውን ቀን ጨምሮ ከ15 ቀን በፊት ነው። የኦክቶበር 28 ባቡር ለሽያጭ የሚወጣው ኦክቶበር 14 ነው፣ በኛ ጥቅምት 4። ከዚያ በፊት ብትፈልጊ ባቡሩ ራሱ አይታይሽም። ያኔ የለም ብለሽ እንዳትደነግጪ።

አቡዲ_ጅማ፣ መስከረም 3
ክፍያውስ ወንድሜ? ሁላችንም የምንቀረቀረው እዚያ ነው። አካውንት ከፍቼ፣ ባቡር መርጬ፣ ወንበር ይዤ፣ ክፈል ሲለኝ የማውቀው ነገር የለም። የክፍያ ሰዓቱ አልፎ ትዕዛዙ ይሰረዝብኛል።

ሃንግዡ_ተማሪው፣ መስከረም 3
አቡዲ፣ ክፍያውን ከማዘዝህ በፊት አስተካክል። እንዲህ የማያውቁ ሰዎች በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ አዝዘው ሲሰርዙ 12306 ለዚያ ቀን ይቆልፋቸዋል። ቲኬት እያለ ቆመው ያያሉ።

መጀመሪያ አሊፔይ የሚባለውን የቻይና የክፍያ አፕ አውርድ። በውጭ አገር ስልክና በፓስፖርት ይከፈታል። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ካለህ እሱ ላይ ታያይዛለህ። ከዚያ 12306 ላይ አሊፔይን መርጠህ ትከፍላለህ። አሊፔይ ከውጭ ካርድ ሲከፈል ከ200 ዩዋን በታች ለሆነው ምንም አይቆርጥም፣ ከ200 ሲበልጥ 3 በመቶ ይጨምራል። የረጅም መንገድ ቲኬት ከ200 ማለፉ አይቀርም፣ ስለዚህ ሦስቷን በመቶ ከወጪህ ቁጠራት።

የአገር ቤት ባንክ ካርድ ከያዝክ ከመሄድህ በፊት ባንኩን «በኢንተርኔት ውጭ አገር መክፈል ተፈቅዶለታል ወይ» ብለህ ጠይቅ። ካርዱ ዓለም አቀፍ ሆኖ የኦንላይን ክፍያው ያልተከፈተበት ሰው ብዙ ነው።

ነባሩ_ነጋዴ፣ መስከረም 4
ልጆቼ፣ ስለ ካርድ ስትነጋገሩ ካሽ መኖሩን አትርሱ። እኔ አፕ አልወድም። ጓንዡ እንደገባሁ ዶላር ዘርዝሬ፣ ፓስፖርቴንና ዩዋኔን ይዤ ባቡር ጣቢያ መስኮት እሄዳለሁ። አካውንት አይጠይቁም፣ ስልክ አይጠይቁም። ፓስፖርት ብቻ። ካሽ ይቀበላሉ፣ መልስም ይሰጣሉ።

ቋንቋ ለማይችል ሰው እንዲህ ያድርግ። የሆቴሉ ልጆች ቀኑን፣ የባቡሩን ቁጥር፣ መነሻና መድረሻውን፣ የወንበሩን ደረጃ በቻይንኛ ወረቀት ላይ ይጽፉለታል። ወረቀቱን ለሻጯ ይሰጣል። እሷ ስክሪኑን ወደ እሱ ታዞርለታለች። ቀኑንና የፓስፖርት ቁጥሩን እዚያ ላይ አንብቦ ነው መክፈል ያለበት። ከከፈለ በኋላ ማስተካከል ሌላ ሰልፍ ነው።

ችግሩ ቀኑ ነው እንጂ መስኮቱ አይደለም። ልጄ፣ አንቺ ኦክቶበር 21 አካባቢ ከገባሽ የ28ቱ ቲኬት ከተከፈተ ሳምንት ሆኖታል ማለት ነው። የፌሩ ሁለተኛ ዙር ባለቀ ማግስት ደግሞ ወደ ዪዉ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ጠዋት የሚነሱት ቶሎ ያልቃሉ።

የሸራተራዋ፣ መስከረም 4
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀኑን የነገሩኝ ጥሩ ነው፣ ስገባ እቆርጣለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ጣቢያውስ የትኛው ነው? ካርታው ላይ ጓንዡ የሚል ብዙ ጣቢያ አየሁ።

ነባሩ_ነጋዴ፣ መስከረም 4
አዎ ብዙ ነው፣ ሰውም እዚህ ላይ ነው የሚጠፋው። ዋናው ጓንዡ ጣቢያ ከሻዎበይ በሜትሮ አንድ ፌርማታ ነው፣ ቅርብ ስለሆነ ሁሉም እዚያ ይሄዳል። ብዙው ፈጣን ባቡር የሚነሳው ግን ከደቡቡ ጣቢያ ነው፣ ቲኬቱ ላይ ጓንዡናን ይላል። እሱ ከከተማው ዳር ፓንዩ የሚባል ሰፈር ነው። ምሥራቁ ጓንዡዶንግ አለ። በ2023 መጨረሻ የተከፈተው ባይዩን የሚባልም አለ። ቲኬትሽ ላይ ያለውን ስም ከካርታው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ።

ለደቡቡ ጣቢያ ከሻዎበይ በ5 ቁጥር ሜትሮ ወደ ጓንዡ ጣቢያ፣ እዚያ ወርደሽ በ2 ቁጥር እስከ መጨረሻው። ሻንጣ ይዘሽ አንድ ሰዓት ተኩል መድቢ። ጣቢያው ራሱ ትልቅ ነው፣ ከሜትሮው ወርደሽ እስከ ባቡሩ በር መሄዱም ጊዜ ይፈልጋል።

ሻዎበይ_ኗሪ፣ መስከረም 5
እኔ ጓንዡ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ለአገሬ ሰው ቲኬት እቆርጣለሁ፣ መጋዘን አሳያለሁ፣ አስተረጉማለሁ። አንድ ነገር ልበል። ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ሁሉ ሌባ አይደለም። ሰው ሌሊት አርፎ፣ ዩዋን ሳይዝ፣ ስልኩ ሳይሠራ፣ ጠዋት ዪዉ ካልደረስኩ ኮንቴነሬ ያመልጠኛል ሲል ማን ይርዳው? ያንን ሥራ ሠርቶ ትንሽ ኮሚሽን መውሰድ ነውር አይመስለኝም።

ቤቲ_ሻንጋይ፣ መስከረም 5
ወንድሜ ማንም ሌባ አላለህም። ሥራህ ሥራ ነው፣ የሚከበር ነው። ግን ሰው ማወቅ ያለበትን እንናገር። ቻይና ውስጥ ቲኬት የወረቀት ነገር አይደለም፣ ፓስፖርቱ ራሱ ነው ቲኬቱ። ከ2020 ጀምሮ የወረቀቱ ቲኬት ቀርቶ ሁሉም በመታወቂያ ቁጥር ሆኗል። አንድ አሃዝ ተሳስቶ የገባ እንደሆነ መግቢያው ላይ ያለው ሠራተኛ ፓስፖርትሽን ሲያነብ ምንም አይመጣለትም። ስክሪንሾት ብታሳዪው አይሰማሽም።

የአጎቴ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በሰው በኩል ተቆርጦለት፣ ቁጥሩ ላይ 3 የነበረው 8 ሆኖ ገባ። ቲኬቱ የራሱ፣ ገንዘቡ የራሱ፣ ባቡሩ ግን ያለ እሱ ሄደ። የቆረጠው ሰው ስልክ አላነሳም። ሌላ ቲኬት በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ነው የሄደው፣ እሱም ማታ።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። አንድ ፓስፖርት ላይ ሰዓቱ የሚጋጭ ሁለት ጉዞ አይያዝም። ሰውየው በፓስፖርትሽ የማትፈልጊውን ባቡር ይዞ ዝም ካለ፣ አንቺ ራስሽ ትክክለኛውን ልትቆርጪ ስትይ ሲስተሙ ይከለክልሻል። የተቆረጠውም በሱ አካውንት ስለሆነ ገንዘቡ ቢመለስ የሚመለሰው ወደ እሱ ነው። ለመቀየርም ለመሰረዝም የሱ ስልክ መነሳት አለበት። እኔ የሚያሳስበኝ ኮሚሽኑ አይደለም፣ ጉዞሽ በሰው ስልክ ውስጥ መሆኑ ነው።

ሻዎበይ_ኗሪ፣ መስከረም 5
ይሄን እቀበላለሁ። ስለዚህ እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ካለ አብሬው መስኮት እሄዳለሁ፣ ራሱ ይከፍላል፣ ራሱ ያያል። ለማስተርጎሜ ይክፈለኝ። እሱ ይሻላል። በሰው አገር አንዳችን ለሌላችን እንድንታመን ነው የምፈልገው።

ቤቲ_ሻንጋይ፣ መስከረም 5
ተባረክ። እንዲህ ከሆነ እኔም ሰው ወዳንተ እልካለሁ።

ማርታ_ዲሲ፣ መስከረም 6
ሰላም። እኔ ከአሜሪካ ነኝ፣ እናቴ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአዲስ አበባ ትመጣና ሻንጋይ እንገናኛለን። ከኛ ጋር አምስት ዓመት ልጅና ዘጠኝ ዓመት ልጅ አሉ። ሁላችንም በአንድ አካውንት መቁረጥ እንችላለን ወይስ እያንዳንዳችን መክፈት አለብን? ቲኬት የሚሸጠውን ትሪፕ ዶት ኮምንስ እንዴት ታዩታላችሁ? ካርዴን በቀጥታ ይቀበለኛል፣ ግን ዋጋው ከ12306 ትንሽ ከፍ ይላል።

ቤቲ_ሻንጋይ፣ መስከረም 6
ማርታ፣ በአንድ አካውንት ይቻላል። አንቺ ከፍተሽ ሌሎቹን ተጓዥ ብለሽ በየፓስፖርታቸው ትጨምሪያለሽ። የእያንዳንዱ ፓስፖርት መረጋገጥ ስላለበት የእማማንም ቀድመሽ አስገቢ። ባቡር ስትገቡ ግን ሁሉም የየራሱን ፓስፖርት ያሳያል፣ ልጆቹም ጭምር።

የልጆች ዋጋ ከ2023 ወዲህ በቁመት ሳይሆን በዕድሜ ነው። ከ6 ዓመት በታች ያለ አንድ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳል፣ ወንበር ግን የለውም። ከ6 እስከ 14 ያለው ግማሽ ይከፍላል፣ ወንበር አለው። ለአምስት ዓመቱ ልጅ ወንበር ከፈለግሽ የልጅ ቲኬት ቁረጪለት፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ ይሻላል እላለሁ። ጭን ላይ ለአምስት ሰዓት ልጅ መያዝ ለእማማም ለአንቺም ከባድ ነው።

ትሪፕ ደህና ነው። የሚጨምረው የአገልግሎት ክፍያ ነው። የሚሸጥልሽ ያንኑ የባቡሩን ቲኬት ነው፣ በፓስፖርትሽ የተመዘገበ። ጥሩነቱ ሽያጩ ከመከፈቱ በፊት ትዕዛዝ ይቀበልና ሲከፈት ሊይዝልሽ ይሞክራል። ወንበር ተያዘ ማለት ግን አይደለም። ተቆርጧል የሚል መልእክት እስኪመጣ ድረስ ሆቴል አትክፈዪ። ከነሱ ከገዛሽ መሰረዙም መቀየሩም በነሱ በኩል ነው።

አንድ ምክር ልጨምር። ማረጋገጫ የሚመጣበት ኢሜይል ጂሜይል ከሆነ፣ ቻይና ውስጥ ጂሜይልም ዋትስአፕም ቴሌግራምም በአገሩ ኢንተርኔት አይከፈቱም። ያገርሽን ሲም ሮሚንግ ካበራሽ ግን ይሠራሉ። የባቡሩን ቁጥር፣ የፉርጎውንና የወንበሩን ቁጥር ስክሪንሾት አድርገሽ ስልክሽ ውስጥ አስቀምጪ።

አቡዲ_ጅማ፣ መስከረም 7
ስለ ሰዓቱ ልጨምር፣ እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነው። ቲኬቱ ላይ 07:30 ካለ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ጠዋት የስልክ ማንቂያ ስትሞሉ በየትኛው ሰዓት እንደሞላችሁ እዩ። ቻይና ከኛ አምስት ሰዓት ትቀድማለች። 12306 ደግሞ ሌት ተቀን አይሸጥም፣ በቤይጂንግ ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 1:00 እስከ 5:00 ይዘጋል፣ ማክሰኞ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አይሠራም ማለት ነው። ሱቅ ዘግተን፣ ራት በልተን፣ ስልክ የምንከፍትበት ሰዓት በትክክል እሱ ነው! ማታ ሞክሬ አልሠራም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ጠዋት ይሞክሩት።

የሸራተራዋ፣ መስከረም 7
አቡዲ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ማታ ማታ ነበር የምሞክረው። ልክ ነህ።

ነባሩ_ነጋዴ፣ መስከረም 7
ዛሬ መስከረም 7 ነው፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 17። የኦክቶበር 1 ቲኬት ዛሬ ነው የተከፈተው። ኦክቶበር 1 የቻይና ብሔራዊ በዓል ነው፣ አገሩ በሙሉ ለሳምንት ይንቀሳቀሳል። ከመስከረም 21 እስከ 27 ባለው ቻይና ውስጥ ከተማ ለመቀየር ያሰበ ነጋዴ ካለ ሐሳቡን ይቀይር። ፋብሪካውም ዝግ ነው፣ ባቡሩም ሙሉ ነው። ለአዲስ ዓመታቸው ደግሞ ይብሳል፣ የዚያ ጊዜ ጉዞ 40 ቀን ይቆያል።

ቲኬት አልቋል ሲላችሁ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ተራ መያዝ ነው። 12306 ላይ ሆውቡ ይሉታል። ገንዘቡን አስቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ ሰው ሲሰርዝ ወንበሩ በተራ ለእናንተ ይመጣል፣ ካልመጣ ገንዘቡ ይመለሳል። ሁለተኛው ጉዞውን ለሁለት መከፋፈል ነው። ከጓንዡ ወደ ዪዉ ቀጥታ የሚሄደው ከሞላ መንገድ ላይ ባለው ቻንግሻ ናን ጣቢያ ድረስ አንድ ቲኬት፣ ከዚያ ወደ ዪዉ ሌላ ቲኬት። ባቡር ለመለወጥ ከጣቢያው መውጣት አያስፈልግም። በሁለቱ መካከል ግን ቢያንስ አርባ ደቂቃ ይኑር፣ ጣቢያው ትልቅ ነው።

ያለ ወንበር የሚሸጥም አለ። ዋጋው ከሁለተኛ ደረጃ ጋር እኩል ነው፣ ቆመሽ ትሄጃለሽ። ከሃንግዡ ዪዉ አንድ ሰዓት ስለማይሞላ ይቻላል። ከጓንዡ ግን ስድስት ሰባት ሰዓት ነው፣ አልመክርሽም።

ቤዛ_ቦሌ፣ መስከረም 8
የባቡሮቹን ደረጃ አስረዱኝ። ጂ፣ ዲ፣ ዜድ፣ ኬ የሚባለው ምንድን ነው?

ሃንግዡ_ተማሪው፣ መስከረም 8
ጂ ፈጣኑ ነው፣ በሰዓት 300 እና 350 ኪሎ ሜትር የሚሄደው። ዲ ከ200 እስከ 250። ዜድ፣ ቲ እና ኬ የድሮዎቹ ናቸው፣ አልጋ አላቸው፣ ዋጋቸው በጣም ይቀንሳል፣ ሌሊቱን ይሄዳሉ። ጊዜ ላለው ተማሪ ይመቻል፣ ለነጋዴ ግን ቀኑን ይበላል።

በጂ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ በአንድ ረድፍ አምስት ወንበር ነው፣ አንደኛ ደረጃ አራት። ቢዝነስ አለ፣ ዋጋው የሁለተኛው ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በሁለተኛ ደረጃ ኤ እና ኤፍ የተባሉት መስኮት ዳር ናቸው። ሁለተኛው ይበቃሻል። እውነቴን ነው፣ ከአገር አቋራጭ አውቶብሳችን ወንበር በጣም ይሰፋል።

የሸራተራዋ፣ መስከረም 8
ሻንጣውስ? ናሙና ነው የምይዘው፣ ብረት ድስት፣ መጥበሻ፣ ቢላዋ ሳይቀር። ኪሎ ይመዝናሉ?

ቤቲ_ሻንጋይ፣ መስከረም 8
ቢላዋ አትያዢ! መግቢያው ላይ እንደ አየር ማረፊያ ሻንጣ በማሽን ያልፋል፣ ቢላዋ ካገኙ ይወስዱብሻል፣ ናሙና ነው ብትዪ አይሰሙሽም። ለፀጉርና ለላብ የሚነፋ ስፕሬይም 150 ሚሊ ሊትር ካለፈ ይቀራል።

ደንቡ ለአንድ አዋቂ 20 ኪሎ ነው፣ በፈጣን ባቡር የሻንጣው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ ከ130 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ በሜትር አይለኩም። ግን ትልቅ ካርቶን በገመድ አስረሽ ከመጣሽ ያስቆሙሻል። ለናሙናው የምመክርሽ በኩዋይዲ መላክ ነው፣ የነሱ የቤት ለቤት ፖስታ ማለት ነው። ከጓንዡ ሆቴልሽ መጥተው ይወስዱታል፣ ዪዉ ሆቴልሽ ድረስ ያመጡታል። ርካሽ ነው። ቢላዋውን ግን ለሻጩ ተዪው፣ ከጠቅላላው ዕቃሽ ጋር በኮንቴነር ይምጣ።

አቡዲ_ጅማ፣ መስከረም 9
እኔ ከዪዉ ስመለስ በዚያው በባቡር ሆንግ ኮንግ ልገባና ልወጣ አስቤ ነበር። ከጓንዡ አንድ ሰዓት አይሞላም አሉኝ።

ነባሩ_ነጋዴ፣ መስከረም 9
አቡዲ ልጄ፣ ቪዛህን መጀመሪያ እይ። ከ2018 ጀምሮ ባቡሩ ከጓንዡ ደቡብ ሆንግ ኮንግ ዌስት ኮውሉን ይገባል፣ እውነት ነው፣ ፈጣን ነው። ሆንግ ኮንግ ግን በኢሚግሬሽን በኩል ሌላ አገር እንደመግባት ነው። ከቻይና የመውጫ ማህተም ይመታብሃል። ቪዛህ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ እዚያ ላይ አለቀ፣ ወደ ጓንዡ መመለስ አትችልም፣ ዕቃህ መጋዘን ተቀምጦ አንተ ወዲያ ማዶ ትቀራለህ። የሆንግ ኮንጉ የመግቢያ ፈቃድም የራሱ ነው፣ የቻይናው ቪዛ አያስገባህም። ባቡሩ ቲኬቱን ይሸጥልሃል፣ ቪዛህን አይጠይቅህም። ስለዚህ አንተው ጠይቅ።

ቤዛ_ቦሌ፣ መስከረም 9
ባቡሩ ቢያመልጠንስ? ቲኬቱ ይቃጠላል?

ሃንግዡ_ተማሪው፣ መስከረም 9
ወዲያው አይቃጠልም። የዚያኑ ዕለት መስኮት ሄደሽ በቀኑ ወደሚነሳ ሌላ ባቡር ማስቀየር ትችያለሽ፣ ቦታ ካለ። ቲኬት የሚቀየረው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ቀድመሽ ቀይረሽው ከነበረ ሁለተኛ የለም።

መሰረዝ ከፈለግሽ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ይሁን። ከ8 ቀን በላይ ሲቀረው በነፃ ነው። ከ8 ቀን እስከ 48 ሰዓት ባለው 5 በመቶ ይቆርጣሉ፣ ከ48 እስከ 24 ሰዓት ባለው 10 በመቶ፣ ከ24 ሰዓት በታች 20 በመቶ። ብዙ አይደለም። ስለዚህ የሸራተራዋ፣ ጥቅምት 4 ቲኬቱ ሲከፈት ወዲያው ያዢው፣ ጉዞው ከ8 ቀን በላይ ሲቀረው ሐሳብሽን ከቀየርሽ የምታጪው ነገር የለም።

እንዳያመልጣችሁ ደግሞ፣ የመሳፈሪያው በር ባቡሩ ከመነሳቱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ይዘጋል። 09:00 ማለት 09:00 መንቀሳቀስ ማለት ነው። የአገሩ ሰው መታወቂያውን አስነክቶ ነው የሚያልፈው፣ አብዛኞቹ በሮች ግን የኛን ፓስፖርት አያነቡም። ዳር ላይ ሠራተኛ የቆመበት መስመር አለ፣ ወደዚያ ሂዱ። ፓስፖርቱን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ ስትወጡም ይጠይቋችኋል።

ማርታ_ዲሲ፣ መስከረም 10
የኔ ተረጋገጠ። የእናቴ ግን አልተቀበለውም። ለካ ባለፈው ወር ፓስፖርቷን አሳድሳለች፣ እኔ የድሮውን ቁጥር ነው የያዝኩት። በአዲሱ ስልከው ወዲያው አለፈ። ፓስፖርት ያሳደሰ ቤተሰብ ያላችሁ ይሄን እዩ።

የሸራተራዋ፣ ጥቅምት 4
ተቆርጧል! ጠዋት ተነስቼ ከሱቅ በፊት ገባሁ። ጓንዡናን ወደ ዪዉ፣ ጂ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ መስኮት ዳር። በራሴ አካውንት፣ በራሴ ፓስፖርት። ካርዱን ባንኩ ከፍቶልኝ ስለነበር በአሊፔይ አንዴ ነው ያለፈው። ያ ሰውዬ ከጠየቀኝ ጋር ሳስተያየው የቀረልኝ ገንዘብ የሆቴል ይሆናል። ሁላችሁንም ያክብርልኝ፣ ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ጽጌን እጾማለሁ። ስድስት ሰባት ሰዓት ባቡር ላይ ምን እበላለሁ?

ቤቲ_ሻንጋይ፣ ጥቅምት 4
እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እህት! ባቡሩ ላይ የሚሸጠው ምሳ በአብዛኛው ሥጋ ያለበት ነው፣ ሩዙን ለብቻ ስጡኝ ማለት ይከብዳል። ከቤት ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዢ፣ ፍተሻውን ያልፋል። ከሻዎበይ ደግሞ ዳቦና ሙዝ ግዢ። በየፉርጎው ጫፍ የፈላ ውሃ በነፃ የሚቀዳበት አለ፣ ከመጸዳጃው አጠገብ፣ ባዶ ፔርሙስ ከያዝሽ ሻይሽን እዚያው ትጠጪያለሽ። በታሸገው የሚሸጠው ኑድል አትክልት የሚመስለውም ብዙ ጊዜ የሥጋ ቅመም አለበት፣ ቀዩን ፓኬት አታምኚው።

ነባሩ_ነጋዴ፣ ጥቅምት 4
ዪዉ ስትደርሺ ታክሲ የሚያሰልፉበትን ቦታ ፈልጊ፣ በር ላይ «ታክሲ ታክሲ» እያለ የሚከተልሽን ተዪው። የሆቴሉን አድራሻ በቻይንኛ ጽፈሽ ያዢ። እኔም የዚያን ሳምንት ዪዉ ነኝ፣ ፉቲያን ገበያ የወጥ ቤት ዕቃው ያለበትን ክፍል ካጣሽው እዚሁ ጻፊልኝ።